ትርኢቱ ከዝናቡ በፊት ይጀመራል

(በሞያሌ ከተማ በቤት ጓሮ ለትርኢት ስለሚለማ አትክልት ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ሹማምንት የተሰጠ ንግግር)



የትምህርት ዘመን ሊዘጋ ሲቃረብ በብዙ ትምህርት ቤቶች አዳራሽ ረዥም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። በላዩም የተማሪዎች የእጅ ሥራ፥ ጥልፉና ሸክላው፥ ሥዕሉና ካርታው ይደረደራል። በአንደኛው ጫፍ ደግሞ ከጓሮ የመጣ ሽንኩርት፥ ካሮት፥ ቲማቲምና ጎመን ይቀመጣል። ወላጅ ያደንቃል፤ ዳኛ ይመረምራል፤ ሽልማት ይሰጣል፤ በማግሥቱም አትክልቱ ወጥ ይሆናል። ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። በጠረጴዛው ላይ የታየው ምንድን ነው? የተማሪው ሥራ ነውን ወይስ የገበያው ዕቃ?

ይህ ንግግር ጥያቄውን ከሞያሌ ከተማ ጓሮዎች ተነሥቶ ይመረምራል። ሊያስረዳ የሚሻውም አንድ ቁም ነገር ነው። ለትርኢት የሚቀርብ አትክልት የሚሠራው በትርኢቱ ቀን አይደለም፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላም አይደለም። የሚሠራው ገና አፈሩ ደረቅ ሳለ፥ ሰማዩም ደመና ሳይዝ፥ ብዙ ሰው ስለ አትክልት በማያስብበት ወራት ነው። ትምህርትነቱም በዚያው ወራት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ዝግጅቱን ሳይቈጥር ፍሬውን ብቻ የሚሸልም ትምህርት ቤት ሳያውቀው ሌላ ነገር ያስተምራል።

ስለ ቦታውና ስለ ወራቱ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የምትገኝ፥ በአንድ ስም ሁለት ከተማ የሆነች ቦታ ናት። የኬንያው ወገን በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በዚያ ቦረናው፥ ገብራው፥ ገሪው፥ ሶማሌውና ቡርጂው አብረው ይኖራሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በከብት፥ በግመልና በፍየል እርባታ ሲታወቁ ቡርጂዎች ደግሞ ከአያቶቻቸው በወረሱት የእርሻ ሙያ የታወቁ ናቸው። በ2013 ዓ. ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የመረቁት የጋራ የድንበር ጣቢያ በመካከል ስላለ ሰውም ሸቀጥም ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል።

ስለ ጸደይ ሲነገር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር ዘመነ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወራት ነው። በተለመደው አነጋገር ግን ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው ከክረምት በኋላ አደይ አበባ የሚፈነዳበትን የመስከረምን ወራት ነው። በሞያሌ የሚሠራው ያው የጥንቱ ቈጠራ ነው። ቦረናዎች «ገና» የሚሉት ትልቁ ዝናብ (ስሙ ከልደት በዓል ስም ጋር ይመሳሰላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው) ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳልና። ሁለተኛውና ትንሹ ዝናብ «ሐገያ» የሚባለው ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። በግእዝ ሐጋይ ማለት ደረቁ በጋ ሲሆን በቦረናዎች ዘንድ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል የዝናብ ስም መሆኑ ያስገርማል። ከደጋ የመጣ መምህር ይህን ካላስተዋለ እንደ አገሩ ልማድ በሰኔ ማብቂያ ዘር ይዘራል። በዚያን ጊዜ ግን ትልቁ ዝናብ ሄዷል፤ መሬቱም ወደ ድርቀቱ ተመልሷል። እንግዲህ የመጀመሪያው ዝግጅት የቦታውን ወራት ከቦታው ሰው መማር ነው።

ዳኛው የሚፈልገው ምንድን ነው?

አትክልትን ለውድድር የማሳየት ልማድ በእንግሊዝ አገር ሥር የሰደደ ነው። በለንደን በ1804 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በኋላ ንጉሣዊ የተባለው የአትክልት ማኅበር ለዳኞች መመሪያ የሚሆን ደንብ አዘጋጅቷል። እንግሊዞች ወደ ኬንያ በገቡ ጊዜም ልማዱን ይዘው ገቡ። የዛሬው የኬንያ የእርሻ ማኅበር መነሻ የሆነው ማኅበር በ1901 እ.ኤ.አ. ተመሥርቷል፤ የእርሻ ትርኢትም እስከ ዛሬ በዚያ አገር ትልቅ ጉዳይ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች በእርሻ ሥራ የሚተባበሩባቸው «ፎር ኬ» የተባሉት ክበቦችም ተዳክመው ከቈዩ በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. በመንግሥት እንደገና ተቋቁመዋል።

ልምድ የሌለው ሰው ትልቁ አትክልት ያሸንፋል ብሎ ያስባል። ዳኛው ግን ከትልቅነቱ ይልቅ እኩልነቱን ይመለከታል። ዐምስት ሽንኩርት ሲቀርብ ዐምስቱ የአንዲት እናት ልጆች መምሰል አለባቸው። አራቱ መካከለኛ፥ አንዱ ግዙፍ ከሆነ ግዙፉ ያጐድላል እንጂ አይጨምርም። የሽንኩርቱ አንገት ቀጭንና የደረቀ፥ ልጣጩ ያልተላጠ ይሁን። ቲማቲሙ የበሰለ ሆኖ ያልለዘዘ፥ በአናቱም ላይ አረንጓዴው ቆብ ያልወደቀ ይሁን። ካሮቱ ቀጥ ያለ፥ እግር ያላወጣ፥ ትከሻው አረንጓዴ ያልሆነ ይሁን። ቀይ ሥሩ ክብና ባለ አንድ ቀጭን ሥር፥ ሲቈረጥም ነጭ ቀለበት የማይታይበት ይሁን። የጎመኑ ቅጠል ትል ያልበሳው፥ ለጋና እኩል ይሁን። ፎሶሊያው ሲሰበር ድምፅ ይስጥ።

ይህን ሁሉ ያስተዋለ መምህር አንድ ነገር ይረዳል። ከእነዚህ ነገሮች አንዱ እንኳ በመጨረሻው ሳምንት ሊታረም አይችልም። ካሮት እግር የሚያወጣው በመሬት ውስጥ ድንጋይ ወይም ያልበሰለ ፍግ ሲያገኘው ነው። ቀይ ሥር ቅርጹ የሚበላሸው ቡቃያው በጊዜው ሳይሳሳ ሲቀር ነው። ቲማቲም የሚሰነጠቀው ተጠምቶ ቈይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ሲጠጣ ነው። ዳኛው በጠረጴዛ ላይ የሚያነበው ከሦስት ወር በፊት የተሠራውን ሥራ ነው ማለት ነው።

ስለ ዘርና ስለ አፈር

ከሁሉ አስቀድሞ ዘር ይመረጣል። በአውሮፓ ለትርኢት የሚዘሩት ግዙፍ ሽንኩርቶች ራስ የሚቋጥሩት የቀኑ ብርሃን ወደ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲረዝም ነው። ሞያሌ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ ቀኗ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ያ የተመሰገነ ዘር በሞያሌ ቢዘራ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ቦታ የሚስማማው እንደ «ቀይ ቦምቤይ» ያለው በአጭር ቀን ራስ የሚቋጥር ዘር ነው። ለካሮት «ናንትስ» ወይም «ሻንትኔ»፥ ለጥቅል ጎመን «ኮፐንሃገን ማርኬት»፥ ለቲማቲም «ሮማ» ወይም «መኒ ሜከር» የተባሉት በሁለቱም አገር የታወቁ ናቸው። የተገዛው ዘር ከመዘራቱ በፊት ይፈተን። 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለአንድ ሳምንት ያህል በጥላ ሲቀመጥ ከ15 በላይ ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው። ይህ ፈተና ለሒሳብ መምህርም ጥሩ የመቶኛ ትምህርት ይሆናል።

ቀጥሎ መደቡ ይሰናዳል። ለአንድ ተማሪ ወርዱ 1 ሜትር፥ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ይበቃል። ልጁ መደቡን ሳይረግጥ ከዳር ሆኖ መሥራት እንዲችል ወርዱ ከዚህ አይስፋ። አፈሩ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይቈፈር፤ ድንጋዩም ይለቀም። በዝናባም አገር መደብ ከመንገዱ ከፍ ይደረጋል፤ በደረቅ አገር ግን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይደረጋል፤ የወረደው ውኃ ሳይሸሽ በዚያው እንዲሰርግ ነው። ፍግ በሞያሌ አይቸግርም፤ የፍየሉና የግመሉ በረት ቅርብ ነውና። ይሁን እንጂ ትኩስ ፍግ ሥርን ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሦስት ወር ያህል ተከምሮ፥ ውኃ እየተረጨበትና እየተገላበጠ ይብሰል። በሚያዝያ የሚፈለገው ብስባሽ በጥር መከመር አለበት ማለት ነው። የካሮት መደብ ግን በዚያ ዓመት ፍግ ባይገባበት ይሻላል። በእርሱ ፋንታ በብረት ዘንግ ጠባብ ጕድጓድ እየተበሳ በተነፋ አፈርና አሸዋ ይሞላ፤ ካሮቱም ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ቀንን ወደ ኋላ ስለ መቍጠር

ብዙ ጊዜ የትርኢት አትክልት የሚበላሸው በዘር ወይም በአፈር ብቻ አይደለም፤ በአቈጣጠር ጕድለትም ነው። ጠቢብ ገበሬ ከዘር ቀን ወደ መከር ይቈጥራል፤ ለትርኢት የሚያለማ ግን ከትርኢቱ ቀን ወደ ኋላ ይቍጠር። ለምሳሌ ትርኢቱ ሰኔ 20 ቀን ነው ይባል። ሽንኩርት በችግኝ መደብ 50 ቀን፥ ከተተከለ በኋላ 110 ቀን ያህል ስለሚፈልግ ዘሩ ጥር 10 ቀን መውደቅ አለበት። ቲማቲም በችግኝነት 35 ቀን፥ ከዚያ በኋላ 80 ቀን ቢፈልግ ዘሩ የካቲት 25 ቀን ይወድቃል። ካሮት ለ90 ቀን ታስቦ መጋቢት 20 ቀን፥ ቀይ ሥር ለ70 ቀን ታስቦ ሚያዝያ 10 ቀን፥ ፎሶሊያ ለ55 ቀን ታስቦ ሚያዝያ 25 ቀን ይዘራል። ቍጥሩ እንደ ዘሩና እንደ ሙቀቱ ጥቂት ይዛነፋል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ካሮቱን፥ ቀይ ሥሩንና ፎሶሊያውን ከፋፍሎ በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይዘራል።

በኬንያው ወገን ትምህርት ቤቶች ሁለተኛው የትምህርት ወቅት የሚያበቃው በሐምሌ ማብቂያ ግድም ስለሆነ ትርኢቱ በዚያን ጊዜ ቢሆን ሁሉንም በአንድ ወር መግፋት ይቻላል። ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከዝናብ በኋላ ስለሚውሉ ውኃው ከሰማይ ሳይሆን ከሰው እጅ ይጠበቃል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።

ስለ ውኃ

እዚህ ላይ የነገሩ ክብደት ይታያል። ከ2013 ዓ. ም. ጥቅምት ጀምሮ እስከ 2015 ዓ. ም. ድረስ በቦረናና በሰሜን ኬንያ ዐምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተዋል። ከብት በየሜዳው አልቋል፤ ብዙ ቤተ ሰብ ሀብቱን አጥቷል። በ2016 ዓ. ም. መጀመሪያ ደግሞ ዝናቡ ከልክ አልፎ ጐርፍ ሆነ። እንዲህ ባለ አገር አንድ ተማሪ ለሽልማት ብሎ ሽንኩርት ያጠጣ ዘንድ ማዘዝ ተገቢ ነውን? እናቱ ወይም እኅቱ ለቤት ከቀዳችው ጀሪካን ላይ ተቀንሶ የበቀለ ቲማቲም በነጭ ጨርቅ ላይ ቢያበራ የማን ክብር ነው?

መልሱ በልክ ይገኛል። አራት ካሬ ሜትር የሆነው አንድ መደብ በደረቅ ቀን 20 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ ይኸውም አንድ ጀሪካን ነው። እንግዲህ ለአንድ ተማሪ ከአንድ መደብ በላይ አይፈቀድ። ለመደቡም የሚሰጠው ውኃ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ያገለገለ ወይም ከጣራ የተገኘ ይሁን። ከውዱእ የሚተርፈው ውኃ ሳሙና ስለሌለበት ለዚህ የተመቸ ነው። እጅ የታጠቡበትም ውኃ ሳሙናው ካልበዛ በሥር በኩል ይፈስሳል፤ ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይ ግን አይርከፍከፍ። ስድስት ሜትር በዐምስት ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 300 ሊትር ይቀበላል። ከዚያ አንድ ዐምስተኛው ቢባክን እንኳ የሚቀረው 240 ሊትር 12 ጀሪካን ይሞላል። አሸንዳውና በርሜሉ ግን ከዝናቡ በፊት መሰናዳት አለባቸው፤ ዝናብ ከመጣ በኋላ አሸንዳ የሚፈልግ ሰው ዝናቡን በዐይኑ ሸኝቶ ይመለሳል።

ውኃ ማጠጣት በማታ ወይም በማለዳ ይሁን፤ በመደቡም ላይ ደረቅ ሣር ይጐዝጐዝ። የጕድጓድ ውኃ ጨው ካለበት ፎሶሊያ፥ ካሮትና ሽንኩርት ቶሎ ይጐዳሉ፤ ቀይ ሥርና ቆስጣ ግን ይታገሣሉ። ስለዚህ ውኃው ጨዋማ የሆነበት ቤት ልጅ ቀይ ሥር ያልማ። ስለ ውኃ ተራም ከቦረና ሽማግሌዎች የሚማሩት ብዙ ነገር አለ። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶቻቸው ዘንድ «አባ ሄረጋ» የተባለ ሰው ተራውን ይጠብቃል፤ ማን አስቀድሞ፥ ማን ተከትሎ ከብቱን እንደሚያጠጣ በእርሱ ይታወቃል። በትምህርት ቤት በርሜል አጠገብም ከተማሪዎች መካከል እንዲሁ ያለ ተራ ጠባቂ ቢሾም ጠብ ይቀራል፤ ልጆቹም የአገራቸውን ሥርዐት ያከብራሉ።

ስለ ጠላት

በሞያሌ ጓሮ የመጀመሪያው ጠላት ትል አይደለም፤ ፍየል ናት። የሦስት ወር ድካም በአንድ ረፋድ ታጠፋዋለች። ስለዚህ የእሾህ አጥሩ ከመጀመሪያው ዘር በፊት ይታጠር። ዶሮም ችግኝ ትጭራለችና ትታሰብ። ከነፍሳት ወገን በጎመን ላይ ክሽክሽ፥ በችግኝ አንገት ላይ ቆራጭ ትል ይመጣል። ቲማቲምን የሚያጠፋው «ቱታ አብሶሉታ» የተባለው የደቡብ አሜሪካ ነፍሳት በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ፥ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ ኬንያ ገብቷል። ትሉ በቅጠሉ ውስጥ ዋሻ እየሠራ ስለሚኖር መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ልጆች በየማለዳው ቅጠሉን እየገለበጡ የታመመውን ለቅመው ያቃጥሉ፤ ቲማቲምንም በአንድ መደብ ሁለት ዓመት አከታትለው አይትከሉ። መርዝ መርጨት የልጅ ሥራ አይደለም።

ስለ እውነተኛነት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይገባል። ሦስት ተማሪዎች ይታሰቡ። አንደኛው መደቡን ችላ ብሎ ከርሞ በትርኢቱ ዋዜማ አባቱ ከገበያ የመረጠለትን ዐምስት ያማሩ ቲማቲሞች ያቀርባል። ሁለተኛዋ በእጇ ያለማችውን፥ ጥቂት ጠባሳ ያለበትን ታቀርባለች። ሦስተኛው ሁሉን እንደ ሥርዐቱ አዘጋጅቶ ዝናቡ ስለ ቀረ፥ በቤቱም ውኃ ስለ ጠፋ መደቡ ደርቆበታል፤ ባዶ እጁን ይመጣል። በወሰን ከተማ፥ ከሁለት አገር ሸቀጥ በሚገናኝበት ስፍራ፥ የአንደኛው ነገር በጣም ቀላል ነው። ዳኛው ጠረጴዛውን ብቻ ካየ ሽልማቱ ለገበያው ይሰጣል። ሁለተኛዋ የሚመጣው ዓመት ላይ መግዛትን ትማራለች፤ ሦስተኛውም ዳግመኛ ዶማ አያነሣም።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ ከጥር ጀምሮ የጓሮ መዝገብ ይያዝ። በዚያም ዘር የወደቀበትን ቀን፥ የበቀለውን ቍጥር፥ የፈሰሰውን ጀሪካን፥ የወረደውን ዝናብ፥ የሞተውንም ሳይደብቅ ይጻፍ። መምህሩ ወይም ዳኛው ከትርኢቱ በፊት ሁለት ጊዜ፥ አንዱን በዘር ወቅት፥ ሁለተኛውን በማበቢያው ወቅት፥ መደቡን ይጐብኝ። ከመቶው ነጥብ 30ው ለመዝገቡ፥ 30ው ለመደቡ፥ 40ው በጠረጴዛ ላይ ለቀረበው ይሁን። እንዲህ ከተደረገ የተገዛው ቲማቲም ከ40 በላይ ሊያገኝ አይችልም፤ መዝገብም መደብም ስለሌለው ከነጭራሹ ባይቀርብ ይመርጣል። በእርሻ ሙያ የታወቁ አንዲት እናት ወይም አንድ ሽማግሌ ከዳኞቹ ጋር ቢቀመጡም መልካም ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች የእጅ ሥራን ከገበያ ዕቃ ለመለየት ብዙ አይቸገሩም።

በመጨረሻው ሳምንት የሚቀረው ጥቂት ሥራ ነው። ሽንኩርቱ ቅጠሉ ሲወድቅ ተነቅሎ በጥላ ይደርቃል። ካሮትና ቀይ ሥር ውኃ በጠጣ መሬት በማለዳ ይነቀላሉ፤ ጭቃው በብሩሽ ሳይፈተግ በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል። ጥቅል ጎመን በላዩ ያለውን ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር እንዳይለቅ በእጅ አይታሽ። ቲማቲምና ፎሶሊያ በዚያው ዕለት ይቀጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ነጩ ጨርቅ ይነጠፋል።

ሦስተኛው ተማሪ ግን በጠረጴዛው ዘንድ ቦታ ሊነፈግ አይገባም። አትክልቱ በሚቀመጥበት ስፍራ መዝገቡ ተገልጦ ይቀመጥለት። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ግንቦት 4 ቀን ዝናብ የለም፤ ግንቦት 5 ቀን ዝናብ የለም፤ ግንቦት 6 ቀን ጀሪካኑን ለእናቴ ሰጠሁ» የሚል ቢነበብ ከዚህ የበለጠ ምን ይታያል? ያ ልጅ ከመቶው 60 ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ በአንዳንድ ዓመትም አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ወላጆች ቆመው ያነብቡታል፤ ልጁም በሚመጣው ጥር ፍጉን እንደገና ይከምራል።

መምህራን ሆይ፤ ዝናብ በሰው እጅ አይደለም፤ ዝግጅት ግን በሰው እጅ ነው። ትምህርት ቤት ሊመዝነው የሚገባውም በሰው እጅ ያለውን ነው። ደረቁ ወራት ሳያልፍ በየትምህርት ቤታችሁ አንድ መደብ ይቈፈር፤ አንድ መዝገብም ይከፈት።